ኦቨርክሎኪንግ፦ ቁጥሩ የሚያሳየውና የሚደብቀው

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ከፔርሙስ ከሚመስል ዕቃ እየቀዳ፣ ማዘርቦርድ ላይ በተተከለ የመዳብ ኩባያ ውስጥ የሚጨስ ፈሳሽ ያፈሳል። ማዘርቦርዱ በረዶ ለብሷል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወጣል፤ 7፣ 8፣ ከዚያም 9 ጊጋኸርዝ! አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። እናንተም አጠገባችሁ ወዳለው ዴስክቶፕ ዞር ትሉና "የእኔስ ስንት ይሄዳል?" ትላላችሁ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ኦቨርክሎኪንግ፣ ማለትም ፕሮሰሰርን ወይም ግራፊክስ ካርድን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ፣ ብዙ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ፈትተው ውስጡን እንዲያዩ ያደረገ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ግን እንደ መጽሐፍ ወይም እንደ ፊልም እሱም ሊገመገም ይገባል፤ አደርጋለሁ የሚለውን በእርግጥ ያደርጋል? የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በአንድ ወቅት የኦቨርክሎከሮች ቁጥር እውነቱን ይናገር ነበር፤ ዛሬ ግን ቁጥሩ ከሚያሳየው የሚደብቀው ይበልጣል። ቤት ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር አንዲት ብቻ ከሆነች ደግሞ የተደበቀው ነገር ዋጋ ያስከፍላል።

ለመሆኑ የሚፈጥነው ምኑ ነው?

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ከበሮ አስቡ፤ ከበሮው አንዴ በተመታ ቁጥር ጨፋሪዎቹ ሁሉ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ 0.25 ናኖሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ብርሃን እንኳ ከ7.5 ሴንቲሜትር በላይ አይሄድም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትራንዚስተሮቹ ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 ተገላብጠው መርጋት አለባቸው። ሳይረጉ ቀጣዩ ምት ከደረሰ ስህተት ይፈጠራል።

ኦቨርክሎክ ማድረግ ከበሮውን ማፍጠን ነው። ቮልቴጅ መጨመር ደግሞ ትራንዚስተሮቹ ቶሎ እንዲገላበጡ መግፋት ነው።

ታዲያ ፋብሪካው ራሱ ለምን እስከ ጫፍ አላስኬደውም? ከአንድ ሊጥ፣ በአንድ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ እንኳ ዓይኑ እኩል እንደማይወጣ ሁሉ፣ ከአንድ የሲሊከን ዝርግ የሚቆረጡ ቺፖችም እኩል አይሆኑም። አምራቹ እያንዳንዱን ይፈትናል፣ በፍጥነታቸው ይመድባቸዋል፣ ከዚያም ለክፉ ቀን ስንቅ ይይዛል። ክፉ ቀን ማለት ሞቃት ክፍል ነው፣ አቧራ የዋጠው ፋን ነው፣ የሚዋዥቅ ኃይል ነው፣ የዓመታት እርጅና ነው። ኦቨርክሎከር የሚበላው ይህንን ስንቅ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ቀሪው ሁሉ ይገባችኋል።

ቁጥሩ እውነት የተናገረበት ጊዜ

ለትችቱ ሚዛን እንዲኖረው ከመልካሙ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ኦገስት 1998 ላይ ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ዋጋው 149 ዶላር ነበር። በዚያው ወቅት የወጣው ውዱ ፔንቲየም 2፣ ባለ 450 ሜጋኸርዙ፣ 669 ዶላር ነበር።

ሴሌሮኑ 300 ሜጋኸርዝ የሚሆነው በቀላል ብዜት ነው፤ ማዘርቦርዱ በ66 ሜጋኸርዝ ገደማ ይመታል፣ ፕሮሰሰሩ ያንን በ4.5 ያባዛል። ወጣቶቹ ያደረጉት የማዘርቦርዱን ምት ወደ 100 ማሳደግ ብቻ ነው። 100 በ4.5 ሲባዛ 450! ብዙዎቹ ቺፖች ያለምንም ማጉረምረም ሠሩበት። ደግሞ ሴሌሮኑ በቺፑ ላይ የነበረችው 128 ኪሎባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገቡ የሚይዛት ፈጣን ማስታወሻ) በፕሮሰሰሩ ሙሉ ፍጥነት የምትሄድ ነበረች። የፔንቲየም 2ቱ 512 ኪሎባይት ካሽ ሰፊ ቢሆንም የሚሄደው በግማሽ ፍጥነት ነበር። ስለዚህ የ149 ዶላሩ ቺፕ በብዙ ሥራዎች ከ669 ዶላሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ታማኝ ነው። 50 በመቶ የፍጥነት ጭማሪ ነው፣ የ520 ዶላር ልዩነት ነው። ዓይን ይሞላል፣ ኪስም ያውቀዋል። የኦቨርክሎኪንግ ዝና የተገነባው በእንደዚህ ዓይነት ታሪኮች ነው። ጥፋቱ ዛሬም በዚያው ዝና መነገዱ ላይ ነው።

ስንቁን ማን በላው?

እ.ኤ.አ. በ1974 ሮበርት ዴናርድና የአይቢኤም ባልደረቦቹ አንድ ደስ የሚል ነገር አሳዩ፤ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁንም አብረን ከቀነስን፣ ቺፑ ሳይግል ፍጥነቱን መጨመር እንችላለን። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ኢንዱስትሪው በዚህ ተጓዘ። በ2005 አካባቢ ግን መንገዱ ተዘጋ። ቮልቴጁ ከዚያ በላይ ሲቀነስ ትራንዚስተሮቹ በደንብ አይዘጉም፤ ተዘግተው እንኳ ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ። ኢንቴል በ2004 መጨረሻ ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ በአንድ ኮር ፍጥነት ሳይሆን በኮር ብዛት ሆነ።

ሁለተኛው ለውጥ ለኦቨርክሎከሮች ይበልጥ መራራ ነው። ከ2008 ጀምሮ የኢንቴል ኮር አይ7 ፕሮሰሰሮች ተርቦ ቡስት የሚባል ዘዴ ይዘው መጡ። ቺፑ ራሱ ሙቀቱንና የሚወስደውን ኃይል እየለካ፣ ቦታ ሲያገኝ በገዛ እጁ ይፈጥናል። ኤኤምዲም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል። በሌላ አነጋገር፣ ድሮ በእናንተ እጅ የነበረው ሥራ ወደ ፋብሪካው ገባ። በ2023 የወጣው ኮር አይ9-14900ኬ ሳይነካ፣ ከካርቶኑ እንደወጣ፣ ለአጭር ጊዜ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ እስከ 253 ዋት እንዲወስድም ተፈቅዶለታል። ታዲያ ለእናንተ ምን ተረፈ?

እንዲያውም ፋብሪካው ራሱ ከመስመር ሲያልፍ አይተናል። በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጌም ላይ እየደጋገሙ መውደቅ ጀመሩ። ኩባንያው ምክንያቱ ከሚገባው በላይ የሆነ ቮልቴጅ መሆኑን አምኖ፣ በኦገስት ማስተካከያ ማይክሮኮድ ለቀቀ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው አስቀድሞ የተጎዳውን ቺፕ ግን አይጠግንም። እነዚህን ቺፖች የሠሩት መሐንዲሶች ከእኔም ከእናንተም የተሻለ መለኪያ አላቸው። እነሱ የሳቱትን መስመር እኛ በአንድ ከሰዓት ሙከራ እናውቀዋለን ማለት ድፍረት ይመስለኛል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው

ቺፕ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። አንድ ፕሮሰሰር በ4.0 ጊጋኸርዝና በ1.20 ቮልት 100 ዋት ይወስዳል እንበል። ወደ 4.6 ጊጋኸርዝ ልናደርሰው ስንሞክር 1.38 ቮልት ጠየቀን። (ይህ ለሒሳብ ያህል ነው፣ እንደ መመሪያ አትውሰዱት።) ሁለቱም በ15 በመቶ አደጉ። 1.15 በ1.15 በ1.15 ሲባዛ 1.52 ነው። 100 ዋቱ 152 ዋት ሆነ ማለት ነው። ያ ሁሉ ተጨማሪ ዋት ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው።

ምን አገኘንበት? እዚህ ላይ ጂን አምዳል በ1967 ያነሳው ነጥብ ይረዳናል፦ ከሥራው ክፍል አንዱን ብቻ ብታፈጥኑ፣ ያልፈጠነው ክፍል ይይዛችኋል። አንድ ቪዲዮ ለማቀናበር 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚያ 6 ደቂቃው ንጹሕ የፕሮሰሰር ሥራ ነው፤ 4 ደቂቃው ከዲስክ ማንበብ፣ መጻፍና መጠበቅ ነው። 6 ደቂቃው በ1.15 ሲካፈል 5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ይሆናል። ጠቅላላው 9 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ። በቃ! በ52 በመቶ ተጨማሪ ኃይል 47 ሰከንድ አተረፍን። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው "15 በመቶ ጨመርኩ!" ሲላችሁ አልዋሸም፤ እናንተ የምታገኙት ግን 15 በመቶ አይደለም።

ከቁጥሩ ጀርባ የቀረው

የኦቨርክሎኪንግ ቪዲዮዎች ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ የሳይንስ ልብስ ለብሰው የሳይንስን ሥራ አለመሥራታቸው ነው። ግራፍ አለ፣ ቁጥር አለ፣ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለ። ሁኔታው ግን የለም።

መጀመሪያ ያንን 9 ጊጋኸርዝ እንውሰድ። ክብረ ወሰኑ የተሰበረው በፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ። ብዙዎቹ ትርኢቶች የሚጠቀሙት ፈሳሽ ናይትሮጅን እንኳ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ኮሮች ይዘጋሉ፤ ቁጥሩም የሚቆየው ለመመዝገብ እስኪበቃ ነው። እንደ ስፖርት ድንቅ ነው! እንደ ኮምፒውተር ምክር ግን የመቶ ሜትር ሯጭን ፍጥነት አይቶ "ከአዲስ አበባ አዳማ በዚህ እንሂድ" እንደማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታው የት ነው? የታወቁት የኦቨርክሎኪንግ ውድድሮች ከሚካሄዱባቸው ከተሞች አንዷ ታይፔ ናት፤ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን ስስ ነው፤ ለዚህም ነው ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላም ለመብሰል የሚዘገየው። ክፍሎቹ እኩል የሚሞቁ ከሆነ፣ አንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ ይቀላል። ፋናችሁ በዚያው ፍጥነት ዞሮ ያንኑ ያህል ሊትር ይገፋል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ግን በሩብ ቀንሷል። ሙቀቱ መጀመሪያ በቴርማል ፔስቱና በብረቱ ስለሚያልፍ ጉዳቱ የሩብ ያህል አይደርስም፤ ቢሆንም ጥቂት ዲግሪ ያስጨምራል። የሰርቨር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት እንደሚቀንስ በመመሪያቸው ይጽፋሉ። "ግን አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት!" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ያ በከፊል ያካክሰዋል። ጋምቤላ ያለው አንባቢ ደግሞ ወፍራም አየር አለው፣ ክፍሉ ግን ይግላል። ነጥቡ የሌላ ሰው የቮልቴጅ ቁጥር የሌላ ሰው ክፍል ቁጥር መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ስህተቱስ? በ2011 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጉ የግል ኮምፒውተሮች የተሰበሰበ የብልሽት መረጃ መርምረው ነበር። ኦቨርክሎክ የተደረጉት በፕሮሰሰር ስህተት የመውደቅ ዕድላቸው ካልተደረጉት በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ደስ የሚለው ግኝት ደግሞ፣ ከተወሰነላቸው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ብለው የሚሠሩት ይበልጥ አስተማማኝ መሆናቸው ነው። ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቢወድቅ እሰየው፤ ቢያንስ ታውቃላችሁ። የከፋው ሳይወድቅ ሲሳሳት ነው። አንድ ቢት ተገልብጦ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ፋይል ወይም በቤተሰብ ፎቶ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። "ጌም ለ20 ደቂቃ ተጫወትኩ፣ አልወደቀም" የሚለው ፈተና ይህን አያይም።

አራተኛ፣ ጊዜ። በቺፑ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች እጅግ ቀጫጭን ናቸው። የሚፈሱት ኤሌክትሮኖች፣ ነፋስ አሸዋ እንደሚገፋ፣ የብረቱን አቶሞች ቀስ በቀስ ይገፏቸዋል፤ በመጨረሻ ሽቦው ይበጠሳል። ጄምስ ብላክ በ1969 ባወጣው ቀመር መሠረት፣ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ሲጠብቅና ሙቀቱ ሲያድግ ዕድሜው ያጥራል። ማንም ቪዲዮ ሠሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ "ያ ፕሮሰሰር እንዴት ሆነ?" ብሎ ሲያሳየን ብዙም አናይም።

የሚያዘገየው ሌላ ቢሆንስ?

አሁን ወደ እናንተ ኮምፒውተር እንምጣ። ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚገኙት ማሽኖች ያገለገሉ ናቸው፤ ከውጭ ተጠቅመውባቸው የመጡ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች። እነዚህ ቀርፋፋ ሲሆኑ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው ወይ?

አንድ ጨዋታ እንጫወት። የፕሮሰሰሩ አንድ ምት አንድ ሰከንድ ነው እንበል። ከራም አንድ ነገር ለማምጣት 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ከኤስኤስዲ ለማምጣት ወደ አራት ቀን ተኩል። ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ለማምጣት ደግሞ... አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ! ይህ ማጋነን አይደለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ግማሽ ዙር ለመዞር ብቻ ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ አንባቢው ክንድ እስኪደርስ ሲደመር 10 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በ4 ጊጋኸርዝ ይህ 40 ሚሊዮን ምት ነው።

ወጥ ሠሪዋ ብትሮጥ ምን ዋጋ አለው፣ ሽንኩርት ሊገዛ የተላከው ልጅ ከገበያ ካልተመለሰ? ሃርድ ዲስክ ላይ ያለን ኮምፒውተር ኦቨርክሎክ ማድረግ ወጥ ሠሪዋን ማስሮጥ ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ግን ገበያውን ወደ በራፍ ማምጣት ነው። ራም ካነሰም እንዲሁ፤ ቦታ ሲጠብበው ኮምፒውተሩ ትርፉን ወደ ዲስክ እየላከ ያን ረጅም ጉዞ ደጋግሞ ይጓዛል። (ራም ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን አረጋግጡ፤ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ማስገቢያቸው ራሱ አይገጥምም። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ተበይዷል።)

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ደግሞ ጽዳት ነው። ፋኑ አቧራ ከጠገበ፣ ቴርማል ፔስቱም ከደረቀ፣ ፕሮሰሰሩ ይግልና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ማሽን "ላፍጥን" ብሎ ቮልቴጅ መጨመር፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ብርድ ልብስ እንደመደረብ ነው። አንድ ብሩሽና አዲስ ፔስት ይሻለዋል።

ታዲያ እንተወው?

አይደለም። የዚህ ሥራ ምርጡ ክፍል ቁጥሩ ሳይሆን መለካቱ ነው፤ ያን ክፍል ልታተርፉት ትችላላችሁ። እንዲያውም ወደ ኋላ ሞክሩት፤ ፍጥነቱን ሳትነኩ ቮልቴጁን በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ። ቮልቴጁ በ5 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በካሬ ስለሚቀንስ ወደ 10 በመቶ ገደማ ታተርፋላችሁ። ላፕቶፑ ይቀዘቅዛል፣ ፋኑ ዝም ይላል፣ ባትሪውም ይቆያል። አንዳንድ ማሽኖች ላይ ይህ ተቆልፏል። ሲፈቀድም ቢሆን ከልክ ካለፈ ኮምፒውተሩ ይሳሳታልና ፈተናው እዚህም አይቀርም።

ስትሞክሩ እንደ ሳይንቲስት ሞክሩ፦

1. መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።
2. ምንም ሳትነኩ ለኩ። የክፍሉን ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የምትሠሩትን ሥራ ጊዜ ጻፉ። የቤንችማርክ ነጥብ ሳይሆን የራሳችሁን ሥራ ጊዜ።
3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።
4. እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ ድገሙ። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ካገኛችሁት ጭማሪ ከበለጠ፣ ጭማሪ አላገኛችሁም።
5. ለሰዓታት በከባድ ሥራ ፈትኑት።
6. ባዮስ አፕዴት መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት በፍጹም አትጀምሩ፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ቮልቴጅ ወደ ላይ መግፋት ካማራችሁም ማንም የማይፈልገው አሮጌ ዴስክቶፕ ፈልጉ። ቢቃጠልም ትምህርት ነው። የእህታችሁ የትምህርት ቤት ሥራ ያለበትን ኮምፒውተር ግን ተዉት።

በሚቀጥለው ጊዜ ያንን የሚጨስ ፈሳሽ ስታዩ አጨብጭቡ፣ ይገባዋል። ከዚያ ግን ጠይቁ፦ በስንት ኮር? ለስንት ሰከንድ? በየትኛው ከተማ፣ በስንት ዲግሪ ክፍል? ስንት ጊዜ ተደገመ? መልሱ ቪዲዮው ውስጥ ከሌለ፣ ቁጥሩን ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር አታምጡት። ደብተራችሁን አውጡና የራሳችሁን ለኩ።